በኢጣሊያ ወረራ ዘመን በግዞት የተወሰዱ የቤተሰብ አባላትን በታሪክ መዛግብት ስለ መፈለግ
ለሐይቅ፣ ለአምባሰልና ለአካባቢው ተገልጋዮች የተዘጋጀ መረጃ

የጽሑፉ ዓላማ

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የኢጣሊያ ወረራ ዘመን ብዙ ኢትዮጵያውያን ያለ በቂ ፍርድ ተይዘው ከቀያቸው ወደ ሩቅ የእስር ስፍራ ተግዘዋል። ከእነዚህ መካከል በሕይወት የተመለሱ አሉ። የሞቱበት ቀንና የተቀበሩበት ስፍራ ለቤተሰቦቻቸው ሳይነገር የቀሩም ብዙ ናቸው። በወሎ ምድርም «ጣልያን ወስዶት ቀረ» ከሚል አንድ ዐረፍተ ነገር በቀር ስለ አያታቸው ወይም ስለ ቅድመ አያታቸው ምንም የማያውቁ ቤተሰቦች አሉ። ተዝካር ያወጣ ቤተሰብ በየትኛው ቀን ማውጣት እንደሚገባው፣ ዱዓ ያስደረገም ሟቹ በየትኛው ምድር እንዳረፈ ሳያውቅ ዘመን አልፏል።

ይህ ጽሑፍ ተገልጋዮች ፍለጋውን ከየት እንደሚጀምሩ፣ የትኛው መዝገብ በየትኛው ቤተ መዛግብት ሊገኝ እንደሚችልና የተገኘው ማስረጃ እንዴት እንደሚመዘን ያስረዳል። አምባሰል በጥንቱ ዘመን የነገሥታት ልጆች በአምባ ግሸን ተወስነው የኖሩባት ምድር እንደ መሆኗ ለግዞት ታሪክ እንግዳ አይደለችም። ይሁን እንጂ የዚያ ዘመን ታሪክ በዜና መዋዕልና በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት የሚጠና ስለሆነ እዚህ አልተካተተም።

የግዞቱ ታሪካዊ ሁኔታ

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1937) አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በማርሻል ግራዚያኒ ላይ በአዲስ አበባ ቦምብ ወረወሩ። ከዚያ በኋላ የወራሪው ኃይል ለበርካታ ቀናት ሕዝቡን ፈጀ። ከፍጅቱ የተረፉ ብዙ ሰዎች፣ ከእነዚህም መካከል መኳንንት፣ የተማሩ ወጣቶች፣ የጦር አለቆች፣ ሴቶችና ሕፃናት ሳይቀሩ ታሰሩ። በዚያው ዓመት ግራዚያኒ አዝማሪዎች፣ ጠንቋዮችና ባሕታውያን እየተያዙ እንዲጠፉ አዘዘ። ምክንያቱም እነዚህ ሰዎች ከአገር አገር እየተዘዋወሩ ስለ ወራሪው ውድቀት ወሬ ይነዛሉ ተብሎ ነበር። እንደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ባሉ ገዳማት አቅራቢያ ለሚኖር ቤተሰብ ይህ ትእዛዝ ልብ ሊባል ይገባል። የተያዘው ሰው አርበኛ ሳይሆን መናኝ ሊሆን ይችላልና።

ከወሎ የተነሣ ሰው የግድ በወሎ ውስጥ ተይዟል ማለት አይደለም። ደሴ በጦርነቱ መጀመሪያ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የጦር ሰፈር ነበረች፤ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. በአውሮፕላን ተደበደበች፤ ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. በወራሪው እጅ ገባች። በሰሜን ጦር ግንባር የተሰለፉ የወሎ ሰዎች ከማይጨው ሽንፈት በኋላ ተበታትነው፣ ከፊሉ ወደ ቀያቸው፣ ከፊሉ ወደ አዲስ አበባ፣ ከፊሉም ወደ አርበኝነት ሄደዋል። መዝገብ አብዛኛውን ጊዜ የሚከተለው የተወለዱበትን ሳይሆን የተያዙበትን ስፍራ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «የት ተያዘ?» የሚል መሆን አለበት።

ዋና ዋና የግዞት ስፍራዎች

ደናኔ። ከሞቃዲሾ በስተደቡብ በሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ፣ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የተቋቋመ የእስር ካምፕ ነው። በ1935 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ሲሆን፣ ከየካቲት 12 በኋላ እጅግ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወደዚያ ተላኩ። በዚያ ታስሮ የነበረው ሚካኤል ተሰማ ከጦርነቱ በኋላ በሰጠው የምስክርነት ቃል፣ ወደ ካምፑ ከገቡ 6,500 ያህል ሰዎች መካከል 3,175 መሞታቸውን ተናግሯል። የካምፑ የኢጣሊያ አስተዳዳሪዎች ቁጥሩን እጅግ አሳንሰው ነበር። የብዙዎቹ ሞት ምክንያት ወባ፣ ተቅማጥ፣ የተበላሸ ውኃና ምግብ እንዲሁም ሙቀት ነበር።

ኖክራ። በቀይ ባሕር ከምፅዋ ፊት ለፊት ባለው የዳህላክ ደሴቶች ውስጥ የምትገኝ ደሴት ናት። ኢጣሊያኖች ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ወህኒ አድርገውባታል። እስከ 1941 እ.ኤ.አ. ድረስ እስረኞች ነበሩባት።

በኢጣሊያ ምድር ያሉ ስፍራዎች። አራት መቶ ያህል መኳንንት፣ ወይዛዝርትና ቤተሰቦቻቸው ወደ ኢጣሊያ ተግዘዋል። ከስፍራዎቹ መካከል ከሰርዴኛ ሰሜን ምዕራብ ያለችው የአዚናራ ደሴት፣ በካላብሪያ ሎንጎቡኮ፣ በአቬሊኖ አጠገብ መርኮሊያኖ እና በሮም አቅራቢያ ቲቮሊ ይገኛሉ። ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ በፖንዛ ደሴት ታስረው ነበር። ልዕልት ሮማነወርቅ ኃይለ ሥላሴ ከልጆቻቸው ጋር ወደ አዚናራ ተወስደው በ1940 እ.ኤ.አ. በቶሪኖ ከተማ አርፈዋል። ከእነዚህ ግዞተኞች አብዛኞቹ የተመለሱት ግራዚያኒ ከተሻረ በኋላ በ1938 እና በ1939 እ.ኤ.አ. ነው።

የቤተሰብ ትውፊት ስፍራውን ለመለየት ፍንጭ ይሰጣል። «ሶማሌ በረሃ ውኃ ገደለው» የሚል ወሬ ወደ ደናኔ፣ «ምፅዋ ላይ ደሴት ውስጥ ታሰረ» የሚል ወደ ኖክራ፣ «በመርከብ ሮም ወሰዱት» የሚል ወደ ኢጣሊያ ይመራል። ይህ ፍንጭ ማስረጃ አይደለም፤ ፍለጋው ከየትኛው መዝገብ እንደሚጀመር ብቻ ያመለክታል።

በቤት ውስጥ የሚጀመር ፍለጋ

የወሳኝ ኩነቶች ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ተደንግጎ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ስለዚህ በ1929 ዓ.ም. ለሞተ ሰው በቀበሌም ሆነ በወረዳ የሞት መዝገብ አይገኝም። ተገልጋዮች ወደ ሐይቅ፣ ወደ ውጫሌ ወይም ወደ ደሴ ጽሕፈት ቤቶች የሞት የምስክር ወረቀት ፍለጋ ከመመላለሳቸው በፊት የሚከተሉትን ከቤተሰቡ ቢያሰባስቡ ይጠቀማሉ።

1. የግዞተኛው ስም እስከ አያቱ፣ ቢቻል እስከ ቅድመ አያቱ።
2. የክርስትና ስም፣ የፈረስ ስም፣ ቅጽል ስምና ማዕረግ ካለው።
3. የተወለደበት ቀበሌና አጥቢያ በዘመኑ በሚጠራበት ስም።
4. የእናት፣ የሚስትና የወንድሞች ስም።
5. ከማን ጋር እንደ ተያዘና ከእርሱ ጋር ታስሮ የተመለሰ ሰው ካለ ማን እንደ ነበር።

አምስተኛው ነጥብ ከሁሉ ይበልጣል። ተመላሹ ሰው ራሱ ባይኖርም ልጆቹ የሰሙትን ሊናገሩ ይችላሉ፤ የእርሱ ስም በመዝገብ ከተገኘም አብረው የተያዙት ሰዎች ስም በዚያው ገጽ ወይም በቀጣዩ ሊገኝ ይችላል።

የአረጋውያንን ቃል በሚመዘግቡበት ጊዜ ተናጋሪውን፣ ቀኑንና «በዐይኔ አየሁ» እና «ሰማሁ» የሚሉትን ለይቶ መጻፍ ያስፈልጋል። የአንዱን ቃል ለሌላው አስቀድሞ አለመንገርም ተገቢ ነው፤ ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ አንድ ነገር ቢናገሩ ቃላቸው ይከብዳልና።

የሃይማኖት ተቋማት መረጃ

የክርስትና ስም የሚታወቀው አብዛኛውን ጊዜ በንስሐ አባትና በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ነው። የብራና መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጾች ለዘመናት የርስት፣ የስጦታና የመታሰቢያ ማስታወሻ ሲጻፍባቸው ኖረዋል። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል፣ በ1280 ወይም በ1281 እ.ኤ.አ. የተጻፈ፣ የዚህ ልማድ ጥንታዊ ምስክር ነው። በአጥቢያዎች ያሉ የመታሰቢያ ማስታወሻዎችም በዚሁ መንገድ ሊጠየቁ ይችላሉ። ወደ ገዳሙ ወንዶች ብቻ ስለሚገቡ ሴት ተገልጋዮች በወንድ ዘመድ በኩል ወይም በቤተ ክህነት ጽሕፈት ቤት አማካይነት ቢጠይቁ የተሻለ ነው።

የሙስሊም ቤተሰቦች በሐሪማዎችና በመስጊዶች የሚገኙ፣ በዐረብኛ ፊደል የተጻፉ የትውልድ ሐረግና የቤተሰብ ማስታወሻዎችን ሊጠይቁ ይችላሉ። በወሎ ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ሐረግ ስለሚገናኝ፣ አንድ ሰው በሁለት ስም ሊታወቅ እንደሚችል መዘንጋት የለበትም። በአባቱ ወገን የሚጠራበት ስም ከእናቱ ወገን ስም ሊለይ ይችላል፤ ሁለቱም ይፈለጉ።

ስም በጣልያንኛ ሲጻፍ

ፍለጋ ብዙ ጊዜ የሚከሽፈው ሰነዱ ስለሌለ ሳይሆን ስሙ በሌላ ፊደል ስለ ተጻፈ ነው። ጣልያንኛ ቀ፣ ጠ፣ ጨ እና ጸን የሚለይ ፊደል የለውም። በተለምዶ «ወ» በኡ ድምፅ፣ «የ» በኢ ድምፅ ይጻፋል። ስለዚህ «ወልዴ» በኡ ፊደል ተራ፣ «ይመር» ደግሞ በኢ ተራ ሊገኝ ይችላል። «ከ» እና «ቀ» በተመሳሳይ ፊደላት ስለሚጻፉ «ከበደ» የሚለውን ስም በእንግሊዝኛ ንባብ የለመደ ሰው «ቸበደ» ብሎ ሊያነበው ይችላል። የ«ሀ» ድምፅ ብዙ ጊዜ ስለሚዋጥ «ሐይቅ» «አይክ» የሚመስል ቃል ሆኖ ይታያል። ለዚህ ከሁሉ የሚታወቀው ምሳሌ በአምባሰል የሚገኘው ውጫሌ ነው፤ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚያ የተፈረመው ውል በጣልያንኛ ሰነዶች «ኡቻሊ» ተብሎ ተጽፎ ይገኛል።

ጸሐፊው የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ቆጥሮ ያስቀደመበት ጊዜም አለ። ስለዚህ አንድን ሰው በራሱ ስም ብቻ ሳይሆን በአባቱ ስም ፊደል ተራም መፈለግ ያስፈልጋል። እንደ ደጃዝማች፣ ፊታውራሪ፣ ቀኛዝማችና ግራዝማች ያሉ ማዕረጎች በአጭሩ ተጽፈው የስም አካል መስለው ሊታዩ ይችላሉ። ፍለጋው ከመጀመሩ በፊት ስሙ ሊጻፍባቸው የሚችሉ ቅርጾችን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ መዘርዘር ብዙ ድካም ያስቀራል።

ዘመንን ስለ ማመሳከር

የቤተሰብ ትውፊት በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር፣ የኢጣሊያ ሰነድ ግን በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን ገደማ በኢትዮጵያ ዓመት ላይ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ይጨመራል። የኢጣሊያ ጽሕፈት ቤቶች በተጨማሪ «የፋሺስት ዘመን» የሚል ዓመት በሮማውያን ቁጥር ይጽፉ ነበር። ይህ ዓመት በኦክቶበር መጨረሻ ይጀምራል፤ ቁጥሩ ላይ 1922 ሲጨመር ዓመቱ የሚያበቃበት የጎርጎርዮስ ዓመት ይገኛል። ለምሳሌ 15ኛው ዓመት በኦክቶበር 1936 ጀምሮ በኦክቶበር 1937 ያበቃል፤ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የሚውለውም በዚህ ውስጥ ነው። በሒጅራ አቆጣጠር ለሚያስታውሱ ቤተሰቦች ይኸው ጊዜ በ1355 ዓመተ ሒጅራ የመጨረሻ ወር ላይ ይውላል።

በሀገር ውስጥ የሚገኙ ቤተ መዛግብት

የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት። በአዲስ አበባ የሚገኘው ይህ ተቋም በአዋጅ ቁጥር 179/1991 የብሔራዊ መዛግብት ጠባቂነት ተሰጥቶታል። ከነጻነት በኋላ የነበሩ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ደብዳቤዎች፣ አቤቱታዎችና ጋዜጦች ለመጠየቅ የመጀመሪያው ስፍራ ነው። ከነጻነት በኋላ ለአርበኞች፣ ለስደተኞችና ለሟች ቤተሰቦች መሬት፣ ሹመት ወይም ሜዳይ በሚሰጥበት ጊዜ አመልካቾች የራሳቸውን ወይም የሟቹን ታሪክ ያስረዱ ነበር። የሚስት ወይም የልጅ ማመልከቻ ከግዞተኛው ስም ይልቅ በአመልካቿ ስም ሊገኝ ይችላል።

የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎ ግቢ የሚገኘው ይህ ተቋም በ1955 ዓ.ም. ተመሥርቷል። የወረራውን ዘመን የሚመለከቱ መጻሕፍት፣ ብራናዎችና የመመረቂያ ጽሑፎች አሉት። በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስለ ወሎ የተጻፉ የመመረቂያ ጥናቶች የአካባቢ አረጋውያንን ቃል ስለሚይዙ ለሐይቅና ለአምባሰል ቤተሰቦች በተለይ ይጠቅማሉ።

የታተሙ ሰነዶች። የኢትዮጵያ ፍትሕ ሚኒስቴር ከጦርነቱ በኋላ ስለ ኢጣሊያ የጦር ወንጀል የተሰበሰቡ ቴሌግራሞችንና የምስክርነት ቃሎችን በሁለት ቅጽ አሳትሟል። ስለ ደናኔ የተሰጡ ቃሎች የሚገኙት በዚህ ውስጥ ነው። በግንቦት ወር መጨረሻ በ1933 ዓ.ም. መታተም የጀመረው አዲስ ዘመን ጋዜጣና በ1934 ዓ.ም. የጀመረው ነጋሪት ጋዜጣም መመልከት ተገቢ ነው።

የአርበኞች ማኅበር። የጥንታዊት ኢትዮጵያ ጀግኖች አርበኞች ማኅበር ስለ አባላትና ስለ ቤተሰቦቻቸው ሊጠየቅ ይችላል።

በውጭ ሀገር የሚገኙ ቤተ መዛግብት

በሮም የሚገኘው ማዕከላዊ የመንግሥት ቤተ መዛግብት የግራዚያኒን ሰነዶች ይዟል። በዚያው ከተማ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ታሪካዊና ዲፕሎማሲያዊ ቤተ መዛግብት ደግሞ የቀድሞውን የኢጣሊያ አፍሪካ ሚኒስቴር መዛግብት ይጠብቃል። ወደ ኢጣሊያ የተጋዙ ሰዎችን ዝርዝር ለመፈለግ እነዚህ ሁለቱ ዋናዎቹ ናቸው። ወሎ በወረራው ዘመን መቀመጫው ጎንደር በሆነው የአማራ አስተዳደር ሥር ስለ ነበር፣ ስለ ደሴ የተጻፈ ሰነድ በዚሁ አስተዳደር ርእስ ሥር መጠየቅ ይኖርበታል።

እንግሊዞች ከ1941 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሶማሊያና በኤርትራ ስላስተዳደሩ በለንደን ኪው የሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብታቸው የዚያን ጊዜ የጦርና የውጭ ጉዳይ መዛግብት አሉት። የተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን መዛግብት ኢትዮጵያ ያቀረበቻቸውን ክሶች ይዘዋል፤ ይሁን እንጂ በተለይ የሚዘረዝሩት ተከሳሾችን እንጂ ተጎጂዎችን አይደለም።

ጥያቄ በሚጻፍበት ጊዜ የግዞተኛውን ስም በተለያዩ አጻጻፎች፣ የተያዘበትን ዓመት በጎርጎርዮስ አቆጣጠር፣ የተጋዘበትን ስፍራና የጠያቂውን የዝምድና ደረጃ በአጭሩ ማስፈር ይገባል። «ስለ አያቴ ያላችሁን ሁሉ ላኩልኝ» የሚል ጥያቄ መልስ አያገኝም። «በ1937 ወደ ደናኔ ከተላኩ ሰዎች ዝርዝር ውስጥ» የሚል ግን መዝገብ ጠባቂው የሚፈልግበትን ሣጥን ይጠቁመዋል።

የተገኘውን ማስረጃ ስለ መመዘን

ተመሳሳይ ስም መገኘቱ ብቻ አንድ ሰው ለመሆኑ በቂ አይደለም። በወሎ አሊ፣ ይመር፣ ከበደና አበበ የሚባሉ ብዙዎች ነበሩ። ስም ከአባት ስም ጋር፣ ከስፍራ ጋር እና ከዘመን ጋር ሲገጥም ማስረጃው ይጠነክራል። ከአራቱ ሁለቱ ብቻ ከገጠሙ «ሊሆን ይችላል» ተብሎ መመዝገብ አለበት።

በሌላ በኩል ስም በመዝገብ አለመገኘቱ ሰውየው አለመጋዙን አያስረዳም። የእስረኞች ዝርዝር ያልተሟላ ነው፤ ብዙዎች በመንገድ ላይ ሞተዋል፤ አንዳንዶችም በተሳሳተ ስም ተጽፈዋል። ቤተሰቡ ያቆየውን ቃል ሰነድ ስላልደገፈው ብቻ ሐሰት ማለት አይገባም።

የወራሪው ሰነድም በጥንቃቄ ይነበብ። «ሽፍታ» ተብሎ የተጻፈው በቤተሰቡ አርበኛ የሚባለው ሰው ሊሆን ይችላል። «በሕመም ሞተ» የሚለው ቃልም እስረኛው በምን ሁኔታ እንደ ተያዘ አይናገርም። በተቃራኒው፣ ሰነዱ ቤተሰቡ ያልጠበቀውን ነገር፣ ለምሳሌ ዘመዱ በግዳጅም ሆነ በፈቃድ ለወራሪው ማገልገሉን ሊያሳይ ይችላል። ፍለጋ ከመጀመሩ በፊት ቤተሰቡ በዚህ ላይ ቢመካከር መልካም ነው።

ማስረጃው ስለሚሰጠውና ስለማይሰጠው መብት

የግዞት ማስረጃ የቤተሰብን ታሪክ ያረጋግጣል፤ መታሰቢያ ለማቆምም ያገለግላል። የመሬት ይዞታ ግን አያስገኝም፤ የገጠር መሬት በአዋጅ ቁጥር 31/1967 የሕዝብ ሀብት ሆኗል። በ1947 እ.ኤ.አ. በፓሪስ የተፈረመው የሰላም ውል ኢጣሊያ ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር እንድትከፍል ወስኖ ነበር። ይህ ክፍያ በመንግሥታት መካከል የተፈጸመ ሲሆን ከፊሉ ለቆቃ ግድብ ግንባታ ውሏል፤ ለግለሰቦች የሚከፋፈል ገንዘብ አልነበረም። ስለዚህ «የግዞተኛ ካሣ አስከፍላለሁ» በማለት ገንዘብ ከሚጠይቅ ማንኛውም ሰው ተገልጋዮች ሊጠነቀቁ ይገባል። የውርስና የዝምድና ክርክር የሚወሰነው ሥልጣን ባለው ፍርድ ቤት ብቻ ነው።

ማሳሰቢያ

ተገልጋዮች የቤተሰብ ዋና ሰነዶችን፣ ደብዳቤና ፎቶግራፍን ለማንም አሳልፈው እንዳይሰጡ፣ ቅጂውን ብቻ እንዲያቀርቡ ይመከራል። የተሰበሰበው የአረጋውያን ቃል ከሰነዱ ጋር በአንድነት ተጠርዞ ቢያንስ በሁለት የቤተሰቡ አባላት ዘንድ ይቀመጥ። መዝገብ ነገም በቦታው ሊገኝ ይችላል፤ የአረጋዊው ቃል ግን ዛሬ ካልተጻፈ አይገኝም። ስለሆነም ጊዜና አቅም የሚያንሳቸው ተገልጋዮች ወደ ቤተ መዛግብት ከመሄዳቸው በፊት የቤተሰቡን አረጋውያን ቃል በመመዝገብ እንዲጀምሩ እናሳስባለን።